ሁለት ቁልፍ ያላት ጨዋታ

እኔ ትዕግስት የለኝም። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራችሁ ነገር ያለዚህ ስለማይገባችሁ ነው። ፊልም ሳይ መጨረሻውን ቀድሜ እጠይቃለሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከቆምኩ ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው። ባለቤቴ ታምራት «ምስሬ፣ አንቺ እኮ ሽሮ ሳይበስል የምታወጪ ሴት ነሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አወጣ ነበር።

የምንኖረው ቡራዩ ነው፣ ኦቦ ደቻሳ ግቢ ውስጥ ተከራይተን። እኔ አስፋልቱ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ታምራት ለሳኝ ነበር። ያኔ ሱሉልታ አንድ ፎቅ ሲለስኑ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ መመላለሱ ግማሽ ቀን ስለሚበላ፣ ሰኞ ሄዶ ቅዳሜ ይመጣል። እናቴ ሰበታ ናት፣ ስኳር አለባት። ወንድሜ ናቲ የሰበታን መንገድ በሚኒባስ ይሠራል። ከዚህ ውጪ የእኔ የምለው ሰው በዚህ ምድር ላይ አልነበረኝም፤ ከጫልቱ በቀር።

ጫልቱ ከጎናችን ያለችውን ክፍል የተከራየች፣ ዱቄት ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። ከሥራ መልስ ደግሞ ጨዋታ ትጽፋለች። ጨዋታ ስላችሁ የሚሮጥና የሚተኮስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን አላቸው፤ ጥቂት መስመር ታነባላችሁ፣ ከሥሩ ቁልፎች አሉ፣ አንዱን ስትነኩ ታሪኩ በዚያ በኩል ይሄዳል። ሕጉ ግን ክፉ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው ሳይቀር፣ ሁለት መቶ ቃል ማለፍ የለበትም። ያለፈ ከውድድር ይወጣል።

ለእኔ ዓይነቷ የተፈጠረ ነገር ነው። ደንበኛ እስኪመጣ አንዱን ጀምሬ እጨርሳለሁ። አንዷ ውስጥ ዘበኛ ናችሁ፣ አንድ ክብሪት ብቻ ቀርቷችኋል፣ ወይ ሲጋራችሁን ታበራላችሁ ወይ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ፊት ታያላችሁ። አንዷ ውስጥ ውኃ መጥቷል፣ ሕፃኑ እያለቀሰ ነው፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጫውቼ የምተው ሰው አይደለሁም፤ ተመልሼ ሌላውን ቁልፍ፣ ከዚያም ሌላውን፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ ሳልደርስ ስልኩን አላስቀምጥም። ስለዚህ ጫልቱ አዲስ በጻፈች ቁጥር የምትፈትሸው በእኔ ነው።

አንድ ነገር አስተምራኛለች። ቃል ውድ በሆነበት ቦታ በነጻ የሚቀመጥ ነገር የለም። ሁለት መቶ ቃል ብቻ ያለው ሰው ጥግ ላይ ድመት ካስቀመጠ፣ ያቺ ድመት ሥራ አላት። ይህን ካወቅኩ ወዲያ ለአብዛኞቹ መጨረሻቸውን ከመሐል መገመት ጀመርኩ። ጫልቱ ትናደዳለች፣ እኔ እስቃለሁ።

ያን ሐሙስ ጠዋት ታምራት ከሱሉልታ ደወለ። የተለየ ወሬ አልነበረንም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል አለ። ውኃ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ሳምንት ሊሞላው ነው ብዬ ተነጫነጭኩ፣ ሌሊት ከመጣ በርሜሉን አትርሺ አለኝ። ደንበኛ ቆሞብኝ ስለነበር እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ረፋዱ ላይ ጫልቱ ሱቄ መጣች። በዚያ ሰዓት ፋብሪካ መሆን ነበረባት። ፈረቃ ቀይሬ ነው አለች። ለውድድሩ የምታስገባው ጨዋታ የመጨረሻ ቀኑ ዛሬ እንደሆነ፣ እኔ ካልፈተሽኩላት እንደማትልከው፣ ቤት ሄደን እንድንቀመጥ ለመነችኝ። ሥራም ቀዝቅዞ ነበር። ደግሞ ያለ አንቺ አይሆንም መባልን የሚጠላ ማን ነው? ዘግቼ ተከተልኳት። መንገድ ላይ፣ የእኔ ካርድ አልቋል፣ በአንቺ ስልክ ኢንተርኔት እናብራ ብላ ስልኬን ተቀበለችኝ። ሰጠኋት። ቤት ስንደርስ ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ወስዳው ወጣች፣ ባዶ እጇን ተመለሰች። እኔ ልብም አላልኩ።

ፍራሿ ላይ ተቀምጠን የእሷን ጨዋታ በእሷ ስልክ ተጫወትኩላት። ቶሎ አለቀ። ተነሥቼ ልሄድ ስል ሌላ ከፈተችልኝ። ከዚያ ሌላ። ጫልቱ ሌላ ቀን ቢሆን ሦስተኛው ላይ «በይ ይብቃሽ፣ ዓይንሽ ይጠፋል» ትላለች። ያን ቀን ግን አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ታቀርብልኛለች። አንዷን ስታልፍ ደግሞ አየኋት። ርዕሷ «ድንኳን» ይላል፤ ጣቷ ፈጠን ብሎ ገፋው። እሷንስ ለምን ዘለልሽ ስላት አትረባም አለችኝ። ጫልቱ በሕይወቷ የሰው ሥራ አትረባም ብላ አታውቅም።

እትዬ ሙሉ ምሳ ይዘው ገቡ። እትዬ ሙሉ ጎረቤታችን ናቸው፣ መልካም ሴት ናቸው፣ ግን የእሳቸው ግብዣ እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው የሚባለው ዓይነት ነው። ያን ቀን ትሪውን ጭኔ ላይ ሊያስቀምጡት ምንም አልቀራቸው። ብዪ፣ ደግሞ ጨምሪ፣ አፈር ስሆን ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ። እያጎረሱኝ ዓይኔን አያዩኝም።

ከዚያ ኦቦ ደቻሳ መጡ። በዚያ ሰዓት ገፈርሳ በኩል ያለው ማሳቸው ላይ ነው የሚውሉት። በሩ ላይ ቆመው «ነጋ ጅርታ?» አሉኝ፣ ደህና መሆኔን በኦሮምኛ መጠየቃቸው ነው። ሰላምታቸው የዘወትር ነው፤ አዲሱ ነገር መልሴን ቆመው መስማታቸው ነበር። በላሽ ወይ ብለውም ጠየቁኝ። ስንት ዓመት ግቢያቸው ስኖር ስለ ምሳዬ ጠይቀውኝ አያውቁም። ሄደው የውጪው በር ሥር ወንበር አስደርገው ተቀመጡ።

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ። ኦቦ ደቻሳ ለአጥር ብለው ያስመጡት ድንጋይ ግቢው መሐል ከተራገፈ ዘመን የለውም። ይነሣልን ብዬ ስንት ጊዜ ጮኼባቸዋለሁ። አሁን ሁለት ጎረምሶች ድንጋዩን ድምፅ ሳያሰሙ አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ግንቡ ጥግ ይወስዳሉ። የግቢው መሐል እየተለቀቀ ነው። ቀስ ብለው ነው የሚያስቀምጡት።

በነጻ የሚቀመጥ ነገር የለም። ምሳው፣ ወንበሩ፣ ድንጋዩ፣ ስልኬ፣ የተዘለለችው ጨዋታ። እናንተም ብትሆኑ ይገባችኋል። በእኛ አገር መርዶ በማለዳ ነው። ሟች ቀን ቢሞት ለቤተሰቡ ሌሊቱ ይታለፋል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ የሚናገረው ትልቅ ሰው ነው። እስከዚያ የሞተባትን ያበሏታል፣ ያጫውቷታል፣ ስልኳን ይደብቁባታል። እኔም ለሌላ ሰው ሲደረግ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። እንዲህ ሲጠብቁኝ ግን እስከዚያች ሰዓት አላወቅኩም።

ሰው ሞቶብኝ ነው አይደል አልኳት። ኧረ ምን ነካሽ፣ ምን ሆነሻል አለች፣ ፊቷ ግን አመድ መሰለ። እማዬ ናት ብዬ ደመደምኩ። ስኳሯ ሰሞኑን አልወርድ ብሎ ነበር። ስልኬን አምጪ አልኳት፣ ቻርጅ አልሞላም አለች። እሺ በአንቺ ስልክ ለናቲ ልደውል ስላት ኔትወርክ የለም አለች፤ አሁን በዚያው ስልክ ጨዋታ ስንጫወት ቆይተን! «ቢያንስ ለታምራት ደውይለት፣ ከሱሉልታ ይምጣና አብሮኝ ሰበታ ይሂድ» አልኳት። ጫልቱ ተነሥታ ውኃ ልቅዳ ብላ ጥግ ሄደች። ጆጉ ሞልቶ ፈሰሰ፣ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደቆመች ቀረች።

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ኦቦ ደቻሳ ከወንበራቸው ተነሡና በሩን በሰውነታቸው ሸፈኑት። ሰበታ እናቴ ጋ መሄዴ ነው፣ ያሳልፉኝ አልኳቸው። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ዛሬ አትሂጂ። ነገ ሁላችንም አብረን እንሄዳለን» አሉኝ።

ሁላችንም አብረን የሚኬደው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኳቸውም። ሞት እንደሆነ ታወቀ፣ የቀረው ማን የሚለው ነው። ወይ እማዬ ናት፣ ወይ መንገድ ላይ የሚውለው ናቲ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ይህን ይዤ እንዴት ልቀመጥ? እማዬ ከሆነች ዛሬ ብደርስ ፊቷን አያለሁ፣ ነገ ግን የማገኘው የተዘጋ ሣጥን ነው። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም፤ ማን እንደሆነ ዛሬ ማወቅና ዛሬ መድረስ።

ተመልሼ ጫልቱ ፊት ተቀመጥኩ። ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። እያለቀሰች እኔ እንዴት ብዬ፣ በእኔ አፍ እንዴት ይወጣል፣ ሽማግሌ እያለ ትለኛለች። ይገባኛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መርዶ ያረዳ ሰው ያችን ቀን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ይሄዳል፤ የተረዳውም ያንን አፍ አይረሳውም። ልጅ እግር ብትናገር ነውር ነው።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በአፍሽ አትናገሪም? እሺ፣ አትናገሪ። ስልኳን ነጠቅኳት። ጨዋታ የምትሠራበትን ቦታ ስትከፍት ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፣ ከባድ አይደለም፤ ላይኛው ላይ ጽሑፉ፣ ከሥሩ ቁልፎቹ። ጻፍኩ። ላይ «ማን ነው?»፣ ከሥር አንደኛው ቁልፍ «እማዬ»፣ ሁለተኛው ቁልፍ «ናቲ»። እንደዚያ ያጠረች ጨዋታ ማንም ጽፎ አያውቅም።

«ንኪው» አልኳት። «ምንም አትናገሪ። ንኪው ብቻ።»

ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። አሁን የምነግራችሁን ለቄስም ተናግሬው አላውቅም። ጣቷ እማዬ ላይ እንዲያርፍ ተመኘሁ። እናቴ፣ የወለደችኝ፣ ለእኔ ብላ ልብስ አጥባ ያሳደገችኝ። አርጅታለች፣ ታማለች፣ ናቲ ገና ልጅ ነው ብዬ በሆዴ አመካኘሁ። እግዜር ይየኝ፣ እማዬን ይሁን አልኩ።

ጫልቱ ቁልፎቹን አየች። አንዱንም አልነካችም። ቀና ብላ አየችኝ።

«እዚህ ውስጥ የለም» አለች።

እናንተዬ፣ ሳቅኩ። ተመስገን ብዬ ጮኼ ሳቅኩ። እማዬ አለች፣ ናቲ አለ፣ ሌላው ምን ይሆናል? የሩቅ ዘመድ ነው፣ አጎት ነው፣ ይለቀሳል፣ ያልፋል። ጫልቱን አቅፌ ጉንጯን ሳምኳት፣ ልቤን ልታቆሚው ነበር እኮ ብዬ ተቆጣኋት። እሷ በእጄ ውስጥ እንደ እንጨት ደርቃለች። አልሳቀችም። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኖቿን ከፊቴ ላይ አታነሣም።

በመስኮቱ ድንጋዩን አየሁ። ለአጎት ተብሎ የኦቦ ደቻሳ ድንጋይ አይነሣም። ድንኳኑ የሚተከለው እዚህ ነው። እኔ ቤት ደጃፍ ነው።

«ጠዋት አናግሬዋለሁ እኮ» አልኳት።

ስልኩን ገልብጣ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው።

«ጫልቱ፣ ጠዋት እኮ አናግሬዋለሁ። በርሜሉን አትርሺ ብሎኛል።»

ከዚያ ያለውን በራሴ አላስታውሰውም፣ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ድምፄ አስፋልቱ ድረስ ተሰምቷል አሉ። ኦቦ ደቻሳ ዱላቸውን ይዘው ሮጠው ገብተው ጫልቱ ላይ ጮኹባት፣ ማን ንገሪ አለሽ አሏት። አልነገርኳትም አለች። እውነቷን ነው፣ አልነገረችኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። ስልኩን ዘግቼበት ብዙም ሳይቆይ የቆመበት መወጣጫ እንጨት ከዳው። ሆስፒታል ሲደርስ አልፏል። ፎርማኑ ስልኩ ውስጥ የናቲን ቁጥር አግኝቶ ደወለለት፣ ናቲ ሚኒባሱን ለረዳቱ ትቶ ሱሉልታ ሄደ፣ ከዚያ ለኦቦ ደቻሳ ደውሎ እስከ ጠዋት ጠብቁልኝ፣ እኔ ይዤው እመጣለሁ አለ። ጫልቱን ከፋብሪካ ያስጠሯት ኦቦ ደቻሳ ናቸው። እሷ ምን ታውቃለች? የምታውቀውን አደረገች፣ በጨዋታ ያዘችኝ።

ካወቀች ወዲያ ማስቀመጥ አይቻልም ብለው ኦቦ ደቻሳ መኪና ለምነው እኔን ይዘው ሱሉልታ ሄዱ። በመንገዱ ሁሉ እጄን አልለቀቁም፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር እየደጋገሙ ይላሉ፣ ጸሎት መሆኑ ገባኝ። ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ቅዝቃዜው ወርዷል። ናቲ የሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ማን አመጣት ብሎ ጮኸ። አባብለው አስገቡኝ። ታምራት ፊቱ ላይ ሲሚንቶ ደርቆ ነበር፣ ቅንድቡ ውስጥ፣ ጆሮው ሥር። ነጠላዬን በውኃ ነክሬ ጠረግኩለት። ቅንድቡን ቀስ ብዬ፣ እንዳያመው ያህል ቀስ ብዬ። ማንም አልከለከለኝም። በማግስቱ ቢነገረኝ ኖሮ ያንን ፊት አላየውም ነበር።

ሌሊቱን ይዘነው ቡራዩ ተመለስን፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ መጡ። እኔ ባውቅም፣ ኦቦ ደቻሳ መሐል ቆመው እንደማላውቅ አድርገው ነገሩኝ። ነገር በወጉ ነው አሉ። ስሙን ሲጠሩ ግቢው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ዕንባዬ አልቆ ስለነበር ዝም ብዬ አየኋቸው፤ አንዳንዷ ሴት በሆዷ ታዝባኝ ይሆናል፣ ትታዘበኝ።

ይኸው ዓመታት ሆኑት። ሰው ሲጠይቀኝ፣ ቀድመሽ ማወቅሽ ይሻላል ወይስ ቢቆይ ይሻል ነበር ይለኛል። አንዳንድ ቀን ፊቱን መጥረጌን አስብና ጫልቱን እመርቃታለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ እነዚያ ሰዎች የደበቁኝ ተንኮል ኖሯቸው አይደለም። አንድ ሌሊት ሊሰጡኝ ነበር። አንድ ሌሊት ባለትዳር ሆኜ፣ በልቼ፣ የበርሜሉን ነገር እያሰብኩ እንድተኛ ፈልገው ነበር። እኔ መች አስችሎኝ! ሳይበስል አወጣሁት። እናንተ ደግሞ አሁን በሆዳችሁ የምትፈርዱ ከሆነ አትቸኩሉ፣ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ አልፈረድኩም።

ጫልቱ ከዚያ ወዲያ አንድም ጨዋታ አልጻፈችም። ጻፊ እላታለሁ፣ እሺ ትላለች፣ አትጽፍም። ያቺን የእኔን ግን ከስልኳ እንዳላጠፋቻት ነግራኛለች። እኔም አጥፊያት አላልኳት።

ባለፈው ክረምት ደግሞ የዕድራችን ሰዎች ሱቄ መጡ። ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ የምትሰፋው ገነት ታላቅ ልጇ ሰበታ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞቷል። እስኪነጋ የሚይዛት ሰው ፈልገው ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በአንቺ ደርሷል አሉኝ። እኔ? እኔ ያችን ሥራ? ልሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዘጋሁና ተከትያቸው ሄድኩ።

ጫልቱ ያኔ እንዳደረገችው አደረግኩ። ስልኳን ወሰድኩ። ከዚያ በራሴ ስልክ ውስጥ የቀሩትን የድሮ ጨዋታዎች እየከፈትኩ ሰጠኋት፤ ዘበኛውን፣ ክብሪቱን፣ ውኃውን። ገነት እንደ እኔ ችኩል አይደለችም፣ ቀስ ብላ ታነባለች፣ አንድ ቁልፍ ለመንካት ረጅም ታስባለች። አበላኋት። ወደ ማታ ላይ ስልኩን አስቀምጣ፣ «ምስራቅ፣ ልጄ ደህና ነው?» አለችኝ።

ማንም እንደ እኔ አያውቀውም ያንን ጥያቄ። ፊቷን አየሁ። እውነቱን ብነግራት፣ ልጇ ጋ ዛሬ ብትደርስ፣ እሷም የሚጠረግ ነገር ታገኝ ይሆናል። ወይም ደግሞ ይህችን አንድ ሌሊት እናት ሆና ትተኛ ይሆናል።

«ደህና ነው» አልኳት።

አመነችኝ። ጎኔ ተኛች፣ እንቅልፍም ወሰዳት። እኔ እስኪነጋ ትንፋሿን ስሰማ አደርኩ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ ነቃች፣ ተነሥታ ተቀመጠች። በሩ በሰው ተሞላ። ኦቦ ደቻሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ገነት ግን እሳቸውን አላየችም። ዞራ እኔን ነው ያየችው።